ማርሽ ሲቀየር ማን ይቃጠላል?

መኪናዬ ወደ ኋላ መሄድ ያቆመው «አሻሻልኩት» ባልኩ በአስራ አንደኛው ቀን ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ፊት ለፊት አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አድርጌ አቁሜው ነበር። እንጀራና ሽሮ ገዝቼ ወጣሁ፤ ሞተር አስነሳሁ፤ የኋላ ማርሽ አስገባሁ፤ ቤንዚን ሰጠሁ። ሞተሩ አገሳ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። ደገምኩት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ከግሮሰሪው የወጡ ሁለት አባቶች ገፍተው ወደ መንገዱ አወጡኝ። አንደኛው ላባቸውን እየጠረጉ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ጩኸት ለዚህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መኪናውን የሰበርኩት እኔው ነኝ። የሰበርኩት ደግሞ ንዴቴን ተወጥቼበት ነው፤ ያኔ ግን ንዴት መሆኑን አላወቅኩም፣ ሐቀኝነት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ትንሽ ዘወርዋራ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልጀምር።

*

በዲግሪዬ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ፤ እንጀራዬ ግን ኮድ መጻፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ሳይ ውዬ ስነሳ እጄ ብረት መንካት ያምረዋል። ለዚህ ነው ከሦስት ዓመት በፊት አሮጌ የ2002 ካማሮ ዚ28 የገዛሁት። 5.7 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ኤልኤስ1 የሚባለው ሞተር ያለበት፤ አዲስ እያለ 310 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፣ 4ኤል60ኢ ይባላል። 4 የማርሹ ብዛት ነው፣ ኤል በመኪናው ቁመት የተገጠመ ማለት ነው፣ 60 የሚችለው የጉልበት ደረጃ ነው፣ ኢ ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ እንደሚታዘዝ ይናገራል።

ጓደኞቼ «ካማሮ ገዝተህ አውቶማቲክ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ማኑዋሉ ይወደድ ነበር፤ በቃ፣ ኪሴ ነው የወሰነው።

መኪናው ሲነዳ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከነከነኝ፤ ማርሽ ሲቀይር በደንብ አይታወቅም። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ የሞተሩ ድምፅ እንደሚያዛጋ ሰው ቀስ እያለ ይወርዳል። መኪናው ለአፍታ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ከዚያ ይይዛል። ይህን ያህል ጉልበት ያለው ነገር እንዲህ ሲያመነታ ያናድዳል።

ማኑዋል መኪና የነዳ ሰው ነገሩን በእግሩ ያውቀዋል። ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፣ ማርሽ ትቀይራለህ፣ ትለቃለህ። ስትለቅ ከተጣደፍክ መኪናው ይዘላል፤ ካዘገየኸው ፍሪሲዮኑ ይሸታል። አውቶማቲክ ውስጥም ፍሪሲዮን አለ፣ ያውም ብዙ። ዘይት ውስጥ የተነከሩ፣ ወረቀት መሰል ሸራ የተለበጡ ስስ ክብ ሳህኖች ተደርድረዋል። የካምቢዮው ዘይት በግፊት ሲመጣ ሳህኖቹ ተጨምቀው ይያያዛሉ፤ ግፊቱ ሲለቅ ይላቀቃሉ። ለሁለተኛ ማርሽ ደግሞ ከበሮ ዙሪያ ተጠምጥሞ አንቆ የሚይዝ ቀበቶ አለ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። በዚህ ካምቢዮ የአንደኛ ማርሽ ሬሾ 3.06 ነው፣ የሁለተኛው 1.63። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር እየዞረ ማርሽ ቢቀየር፣ ወደ 3,200 ገደማ መውረድ አለበት። ያ ልዩነት የግድ አንድ ቦታ ላይ መጥፋት አለበት። የሚጠፋው እየተንሸራተተ በሚይዘው ሸራ ላይ ነው፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። መንሸራተቱ ከረዘመ ተሳፋሪው ምንም አይሰማውም፣ ሸራው ግን ይግላል። ካጠረ ሸራው ይተርፋል፣ ተሳፋሪው ግን ጀርባውን ይመታዋል።

ይህን ስረዳ ገረመኝ። ሁልጊዜ የሚመስለኝ ለስላሳው ቅየራ ለማሽኑ የሚራራ፣ ጠበቅ ያለው ደግሞ ማሽኑን የሚጎዳ ነበር። ለካ ልስላሴው የተሠራው ለተሳፋሪው ነው። ሒሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ውስጥ ያለው፣ ማንም የማያየው ሸራ ነው።

ይህ ምርጫ እንደ አውቶማቲክ ካምቢዮ ራሱ የቆየ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ያቀረበው ሃይድራማቲክ በብዛት ተመርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። አራት ማርሽ ነበረው፤ ሲቀይርም ይሰማል። በ1948 ደግሞ ቢዩክ ዳይናፍሎ የሚባለውን አመጣ። ይኼኛው በተለመደው ጉዞ ጭራሽ ማርሽ አይቀይርም፤ ሥራውን ሁሉ ዘይት ውስጥ ለሚሽከረከር ቶርክ ኮንቨርተር ይተወዋል። እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር፤ ሲነሳ ግን ይጎተታል፣ ነዳጅም ይበላል። ቀልደኞች የቀለጠ በረዶ ጭቃን ከስሙ ጋር አጋጭተው «ዳይናስላሽ» አሉት። ቢሆንም ተሸጠ። ልስላሴ ይሸጣል። ሻጭ መኪና የሚያስሞክርህ አስር ደቂቃ ነው፤ በአስር ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሸራ ሲያልቅ አይታይም።

በኔ ካምቢዮ ውስጥ ይህን ልስላሴ የሚሠሩ ብዙ ነገሮች አሉ። አኩሙሌተር የሚባል ፒስተንና ሞላ አለ፤ ግፊቱ በአንድ ጊዜ እንዳይመታ የተወሰነውን ዘይት ወደ ራሱ ይስባል። ዘይቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ጠበብ ተደርገዋል። ከሁሉም በላይ ኮምፒውተሩ አለ።

ኮምፒውተሩ ይማራል። ቅየራው ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይለካል፤ ከታሰበለት ከረዘመ በሚቀጥለው ጊዜ ግፊቱን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ሸራው እያረጀ ሲሄድ እሱ እየጨመረ ይሸፍንለታል። ለባለቤቱ መኪናው ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው። አንድ ቀን ግን መጨመር የሚቻለው ያልቅና ካምቢዮው መንሸራተት ይጀምራል። ሰውየው መካኒክ ዘንድ ቆሞ «ትናንት እኮ ደህና ነበረች!» ይላል። አልነበረችም። ደህና የመሰለችው ስለተሸፈነላት ነው።

እኛም ሥራ ቤት ይህንኑ እንጽፋለን። ሰርቨር ካልመለሰ ዝም ብሎ ሦስቴ የሚሞክር ኮድ። ተጠቃሚው አያውቅም፤ አፑ ትንሽ ዘገየ ብሎ ያልፈዋል። አንዴ እኔ ራሴ የጻፍኩት እንዲህ ያለ ኮድ የታመመ ሰርቨር ለሳምንታት ደብቆ፣ አንድ አርብ ማታ ሁሉም ነገር ተደርምሶ አድሮብኛል። ሎጉን ወደ ኋላ ሳነብ ሕመሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፏል። ያነበበው ሰው አልነበረም።

*

አያቴን እማዬ ነበር የምላት። እናቴ አዲስ አበባ ስትሠራ ደብረ ብርሃን ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ እሁድ እሁድ እደውልላታለሁ፤ ስልኩን አክስቴ ታነሳና ለእሷ ትሰጣታለች። እማዬ ስልክ ላይ ትጮሃለች፤ አገሩ ሩቅ ስለሆነ መጮህ ያለባት ይመስላታል።

ባለፈው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ አንድ እሁድ ደወልኩ። አክስቴ፣ «ተኝታለች፣ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟት ነው» አለችኝ። በሚቀጥለው እሁድ፣ «ጠበል ወስደዋታል» አለችኝ። በሦስተኛው እሁድ፣ «ኔትወርኩ አይሰማም፣ ቆይ እኔ እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው። ያን ሰሞን አዲስ ሥራ ልቀጠር የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ቀርቶኝ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ እየጸለየልኝ ነው። ብዙም አልጠየቅኩም።

ቃለ መጠይቁ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከሜሪላንድ አጎቴና ሚስቱ፣ ሁለት የደብረ ብርሃን ልጆች፣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ። የአጎቴ ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በጠዋት እንዲህ ተሰብስቦ በር የሚንኳኳበትን ምክንያት ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

አለቀስኩ፤ ያዙኝ፤ አብረውኝ አለቀሱ። ረፋድ ላይ ትንሽ ስረጋጋ፣ «መቼ ነው?» አልኩ። ሽማግሌው ወደ አጎቴ አዩ። አጎቴ ወደ መሬት አየ። ሃያ ሦስት ቀን ሆኗታል። ተቀብራ፣ ሳልስቷ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ አርባዋ ሊደርስ አስራ ሰባት ቀን ነው የቀረው።

ሞቷን ቀስ በቀስ ተቀበልኩት፤ እድሜዋም ገፍቶ ነበር። ያልዋጥልኝ ያለው ሦስቱ እሁዶች ናቸው። አክስቴ «ጠበል ሄዳለች» ስትለኝ እኔ «እግዜር ይማርልን» ብዬ ነው ስልኩን የዘጋሁት። ለሞተች ሴት ፈውስ ለመንኩ። ያቺ ቃል ከአፌ መውጣቷን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

መርዶን አላቃልልም። እንዲያውም በሰው ልጅ ጉዳይ ላይ የተሠራ ጥሩ አሠራር ነው እላለሁ። ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን አይስማ ይላል። መንገድ ላይ፣ መሪ ይዞ፣ ሥራ መሀል አይስማ ይላል። የሚይዘው ሰው ይኑር፣ የሚያለቅስ ሰው ይኑር፣ ቤቱ ውስጥ የሚበላ ነገር ይኑር ይላል። እኔ የተቆጣሁት ለሰዓታት የተሠራው ነገር ለሳምንታት ሲዘረጋ ነው። ጎረቤት መንደር ላለ ልጅ «ሌሊቱን ይተኛና ጠዋት እንንገረው» የሚለው ደግነት፣ ባሕር ማዶ ላለው «ፈተናውን ይጨርስ»፣ «ሥራውን ይያዝ»፣ «ወረቀቱ ይውጣለት» እየተባለ ረዘመ። ወሰኑ የት ነው?

ለአክስቴ ሁለት ወር አልደወልኩላትም።

*

በነዚያ ሁለት ወሮች ነው መኪናው ላይ የዘመትኩት። ማለስለስ የሚባል ነገር አስጠልቶኝ ነበር።

ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጥ የቤንዚን መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ኦቢዲ2 የሚባል መሰኪያ አለው። ላፕቶፔን ሰካሁና የካምቢዮውን ሠንጠረዦች ከፈትኩ። ግፊቱን በሁሉም ረድፍ ከፍ አደረግኩ። ከዚያ ሁለት ቅዳሜ ከመኪናው ሥር ተኝቼ የአኩሙሌተሩን ሞላዎች በጠንካራ ቀየርኩ፣ የዘይት ቀዳዳዎቹን አሰፋሁ፣ የሁለተኛ ማርሽ ቀበቶን የሚገፋውን ፒስተን በትልቅ ተካሁ። በመጨረሻ ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ማርሽ ሲቀየር ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ለቅጽበት የሚቀንስበት ክፍል። ይሄም ማለስለሻ ነው አልኩና ዜሮ አደረግኩት።

ወጥቼ ነዳሁት። ጧ! ሁለተኛ ማርሽ እንደ በር ተዘጋ። አንገቴ ተወዛወዘ፣ የኋላ ጎማው ጮኸ። ደስ አለኝ። ይሄ ነው እውነተኛው መኪና አልኩ፤ የሚያደርገውን የሚናገር፣ የማያባብል።

በዚያው ሰሞን ከሰው ጋርም እንዲያ ሆንኩ። ቡድናችን ውስጥ ገና የተቀጠረ ልጅ ኮዱን እንዳይለት ላከልኝ። «ይሄ ተጥሎ እንደገና መጻፍ አለበት» ብዬ ሁሉም የሚያየው ቦታ ላይ ጻፍኩለት። ያልኩት ልክ ነበር፤ ኮዱ መጣል ነበረበት። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ያኔ «እውነት መስማት አይወድም» ብዬ አለፍኩት።

በአስራ አንደኛው ቀን ግሮሰሪው ደጃፍ ላይ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። የኋላ ማርሽ የለም፤ መንገድ ላይ ስወጣ ደግሞ ሁለተኛም አራተኛም የለም። በአንደኛና በሦስተኛ ብቻ እየተንቀጠቀጥኩ አንድ የሐበሻ ጋራዥ ደረስኩ። ባለቤቱን ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፤ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው።

ካምቢዮው ወርዶ ሲፈታ ጠሩኝ። መጀመሪያ ዘይቱን አሳዩኝ። የካምቢዮ ዘይት ቀይ ነው፤ ሸራ ሲቃጠል ይጠቁራል፣ ይሸታል። የኔ ቀይ ነው። ከዚያ ሸራዎቹንና ቀበቶውን አሳዩኝ፤ ደህና ናቸው። በመጨረሻ ከመሀል ማርሹ ጋር የሚያያዝ፣ ቆርቆሮ ጣሳ የሚመስል የብረት ቅርፊት አወጡ። አንገቱ ላይ ዙሪያውን ተቆርጧል። ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ የሚሠሩት በሱ በኩል ነው።

«ጋሼ፣ ግፊት ስለጨመርኩ ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ግፊት መጨመርህስ ምንም አይደል። ሸራህ እኮ አልተነካም፣ እየው። ያቺን የሞተሩን ለምን አጠፋሃት?»

«ማለስለሻ መስላኝ ነበር።»

ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ኃይለኛው ማነው? ሞተሩ ነው። ካምቢዮው ሊይዝ ሲል ሞተሩ ለአፍታ ዝቅ ካላለለት፣ ወይ ሸራው ይነዳል፣ ወይ ብረቱ ይቆረጣል። አንተ ሸራውን አዳንክና ብረቱን ቆረጥከው።»

የከፈልኩትን ብር አልናገርም። ትምህርቱ ግን ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ገብቶኛል።

*

ኮምፒውተሩ ያን የሚያደርገው የሻማውን የእሳት ጊዜ በማዘግየት ነው። ሞተሩ አይጠፋም፣ ነጂው እግሩን አያነሳም፤ ጉልበቱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ ይወርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። በዚያች ክፍተት ሸራው አጥብቆና ፈጥኖ መያዝ ይችላል፤ ሙቀትም አይበዛበት፣ ብረቱንም የሚቆርጥ ምት አይመጣ።

ለካ እኔ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያየሁት፤ ለስላሳ ወይ ጠንካራ፣ ማባበል ወይ እውነት። በዚህ ዓይን ሳየው መርዶውም ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ወይ ደብቀውኛል፣ ወይ በስልክ በዚያው ሰዓት ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ካምቢዮው ግን ሦስት ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ስንት ጊዜ ይፍጅ? ምን ያህል ይጥበቅ? ጉልበት ያለው ወገን ምን ያህል ዝቅ ይበል? ጊዜውን ብቻ ብታስረዝም አንድ የማይታይ ነገር ይቃጠላል። ጥብቀቱን ብቻ ብትጨምር አንድ ነገር ይሰበራል። ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን፤ ምክንያቱም መልሱ የሚመለከተው ተናጋሪውን ነው። ለዚያ ልጅ «ኮዱ ይጣል» ማለቴ ልክ ነበር። ግን ብቻውን ጠርቼ፣ እኔም በሱ ጊዜ ምን ያህል የባሰ ኮድ እጽፍ እንደነበር ነግሬ፣ አብሬው ቁጭ ብዬ ልለው እችል ነበር። እውነቱ አንዲት ቃል አይጎድልበትም ነበር።

ከዚያ ሌላው ጥያቄ መጣብኝ። በነዚያ ሃያ ሦስት ቀናት እኔ ምንም አልተሰማኝም። ታዲያ ማን ነው የተቃጠለው?

ደወልኩላት። አክስቴ ሰላምታዬን ሰምታ ዝም አለች። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷም «አንተ ይቅር በለኝ» አለች። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። የመጀመሪያው እሁድ ላይ ስደውል ቀብሩ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል። ስልኩ ሲጮህ ወደ ጓሮ ሮጣ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ጉሮሮዋን አጥርታ ነው ያነሳችው። «እናቴን ቀብሬ ነበር እኮ። ያንተ ስልክ በጮኸ ቁጥር ለቅሶዬን እየዋጥኩ ድምፄን አስተካክላለሁ። ሦስት እሁድ። አራተኛው እንዳይመጣ ስለቴ ነበር» አለችኝ።

እማዬ ለኔ አያቴ ናት፤ ለእሷ እናቷ ናት። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ግን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። ተታለልኩ ብዬ ስቆጣ፣ እኔ እንዳይመታኝ በመሀል ገብታ ስትንሸራተት የነበረችው እሷ ናት። ውሸቱን የወሰኑት ትልልቆቹ ናቸው፤ ስልኩን የማንሳት ዕዳ ግን በእሷ ላይ ወደቀ።

*

ይህን ሁሉ አውቄ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን ባለፈው ኅዳር ተራው ለኔ ደረሰኝ።

አብሮኝ ቤት የሚጋራው ጓደኛዬ የነርስነት ፈቃድ ፈተና ሊወስድ አስራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ማክሰኞ ማታ አጎቱ ደወሉልኝ። የልጁ አባት አርፈዋል። «ፈተናውን ይጨርስ ብለናል። አንተ አብረኸው ስለሆንክ ስልኩን ጠብቅልን፣ ፌስቡክ ላይም እንዳያይ» አሉኝ።

አስራ ሦስት ቀን። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ። እሱ ሳሎን ጥያቄ እየሠራ ነው፤ ሲሳሳት ራሱን ሲሰድብ ይሰማኛል። ሄጄ ልንገረው አልኩ፤ አልቻልኩም። ብቻዬን፣ በሌሊት፣ እንዴት? መልሼ አጎቱን ደወልኩና፣ «ጋሼ፣ አስራ ሦስት ቀን አልችልም። ለቅዳሜ ጠዋት ሰው ሰብስቡ። ፈተናው ሊዛወር ይችላል፤ እኔም ከሥራ ሳምንት ፈቃድ እወስዳለሁ» አልኳቸው። ተቆጡኝ። «አንተ ልጅ፣ የሱን ሕይወት ልታበላሽ ነው?» አሉኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ እሺ አሉ።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ አራት ሌሊት ነው። ሐሙስ ማታ አብረን እየበላን፣ «ምን ሆነሃል አንተ? ፊትህ ልክ አይደለም» አለኝ። «ሥራ ነው ባክህ» አልኩት። ዓይኑን ላለማየት ውሃ ልቀዳ ተነሳሁ። አክስቴን በደንብ የገባችኝ እዚያ ቧንቧ ፊት ቆሜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ገቡ። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ዋልኩ፤ ቡና አፈላሁ፣ ለቅሶ የሚደርሰውን ተቀበልኩ፣ ፈተናውን እንዲያዛውሩለት አብሬው ደወልኩ። ልክ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ጊዜውን አሳጠርኩ፣ ሰው አሰባሰብኩ፣ ራሴንም ዝቅ አደረግኩ።

ከወር በኋላ፣ አንድ ማታ፣ እንዲህ አለኝ፤ «እውነቱን ልንገርህ? ብትጠብቁኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ በመጨረሻ ስናወራ ‹ፈተናህን› ነበር ያለኝ። አልፌ ባለቅስለት ደስ ይለኝ ነበር።» በቁጣ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። ፈተናውን በኋላ ተፈትኖ አልፏል፤ ያ ግን የሱን ጥያቄ አይመልስለትም፣ የኔንም።

መኪና ላይ ሲሆን ሠንጠረዥ አለ። በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ጉልበት፣ ይህን ያህል ግፊት። ተሳስቼ ብሰብረው ቅርፊቱ ይገዛል። ለጓደኛዬ የሞላሁለት ሠንጠረዥ ግን የራሴ ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የምፈልገውን አደረግኩለት፤ እሱ የሚፈልገውን አልጠየቅኩትም። በዚያ ሰዓትማ እንዴት ይጠየቃል? ጥያቄው ራሱ መርዶ ነው። መጠየቅ የሚቻለው ሁሉም ሰው በሕይወት እያለ፣ ማርሹ ሳይቀየር በፊት ብቻ ነው።

ስለዚህ ጀመርኩ። አሁን መኪናዬ ላይ ግፊቱ እንዳለ ከፍ ብሏል፤ ያጠፋኋትን የሞተር ነገር ግን መልሻታለሁ። ማርሽ ሲቀይር ይሰማል፣ ቡና ግን አያፈስም። ለቤተሰቤ ደግሞ እንዲህ አልኳቸው፤ «እኔን በሆነ ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ንገሩኝ። ግን ሰው ላኩብኝ። ስልክ እንዲያነሳ አንድ ሰው ላይ አትጣሉት።» አክስቴ «እሺ» አለች፣ ቶሎ ነው ያለችው። አጎቴ ዝም አለ። እናቴ ተቆጣች። «አፍህን በደግ ክፈት! ምን ታሟርታለህ?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ደወልኩላት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን። ልንሰነባበት ስንል፣ «ስማ» አለችኝ። «ያን ያልከውን ነገር… እኔን ከሆነ ሌላ ሰው እንዳትልክብኝ። አንተው ራስህ ንገረኝ።»